ሳይቀልጥ የሚለወጥ ብረት

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይጠፋል)

  የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ቲታኒየም ነው። ቲታኒየም በአውሮፕላን ሞተር ውስጥ የሚገኝ፣ በተሰበረ አጥንት ላይ የሚታሰር፣ የማይዝግ ቀላል ብረት ነው። በተለይ የምንነጋገረው ሳይቀልጥ፣ ጠጣር እንደሆነ፣ ውስጡ እንዴት እንደሚለዋወጥ ነው።

«ይኼ ደግሞ ከእኛ አገር ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ ካላችሁ፣ መልሱ ከፋሲል ግንብ ግድግዳ ይጀምራል። ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን እ.ኤ.አ. በ1636 ገደማ ሲቆረቁሩ ግንበኞቹ የተጠቀሙት የአካባቢውን ድንጋይ ነው፤ ባዛልቱን በኖራ እያያያዙ ገነቡት። ይህን ከፍተኛ አገር፣ የስሜንን ገደል ጨምሮ፣ የገነባው ባዛልት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ሆድ ቀልጦ የፈሰሰ ነው። የሥነ ምድር ሊቃውንት የኢትዮጵያን ባዛልት ሲያጠኑ የሚከፋፍሉበት አንዱ መስፈርት የቲታኒየም መጠኑ ነው። በምሥራቅ በኩል፣ በላሊበላ አካባቢ ያለውን ቲታኒየም የበዛበት ይሉታል፤ በሰሜን ምዕራብ፣ በእኛ በኩል ያለውን ደግሞ ቲታኒየም ያነሰበት ይሉታል። አነሰ ተባለ እንጂ የለም ማለት አይደለም። ከእንዲህ ያለ ድንጋይ 100 ኪሎ ቢፈጭ ከአንድ እስከ ሁለት ኪሎ ተኩል ገደማ የሚሆነው ቲታኒየም ከኦክስጅን ጋር የተዋሐደበት ነገር ነው።

ታዲያ ለምን አናወጣውም? አያዋጣም። ዓለም ቲታኒየምን የሚያገኘው ኢልመናይትና ሩታይል የተባሉት ማዕድናት ተሰብስበው ከተከማቹበት አሸዋና አለት ነው። በአገራችንም በወለጋ ቢቂላል ከፎስፌትና ከብረት ማዕድን ጋር ኢልመናይት ይገኛል። ማዕድኑ ቢገኝ እንኳ ብረቱን ከኦክስጅን ማላቀቅ ትልቅ ጣጣ ነው። ሉክሰምበርጋዊው ዊልያም ክሮል ያበጀው ዘዴ መጀመሪያ ማዕድኑን በክሎሪን ወደ ፈሳሽ ይለውጠዋል፤ ከዚያም አየር በማይገባበት ዕቃ ውስጥ ቀልጦ በቆየ ማግኒዚየም ቲታኒየሙን ይነጥቃል። ዛሬም ፋብሪካዎች በአብዛኛው የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው፤ ውድነቱም ከዚህ ይመጣል። ከሚቆፈረው የቲታኒየም ማዕድን አብዛኛው ብረት እስከ መሆን አይደርስም። ነጭ ዱቄት ሆኖ ወደ ግድግዳ ቀለም፣ ወደ ወረቀትና ወደ ጥርስ ሳሙና ይገባል።

አሁን ወደ ድንጋዩ ልመልሳችሁ፤ የዛሬው ጉዳያችን እዚያው ውስጥ አለና። ባዛልት ሲረጋ በውስጡ ማግኔት የሚስበው ጥቁር የብረት ማዕድን በትናንሽ ቅንጣት ይፈጠራል። ገና ትኩስ ሳለ በዚህ ቅንጣት ውስጥ ብረቱና ቲታኒየሙ ተደባልቀው ይቀመጣሉ። ድንጋዩ ጠጣር ከሆነ በኋላ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝና ኦክስጅን ሲያገኝ ግን ቲታኒየሙ ከድብልቁ እየወጣ፣ በቅንጣቱ ውስጥ እንደ ስስ ሽፋን የተደረደሩ የኢልመናይት ጭረቶች ይሠራል። ጭረቶቹ በዘፈቀደ አይሰመሩም። የቅንጣቱ አቶሞች የተሰለፉባቸውን ገጾች ብቻ ተከትለው ስለሚሄዱ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ በተወሰነ ማዕዘን የሚቋረጡ መስመሮች ይመስላሉ። በፍጥነት በቀዘቀዘ ድንጋይ ውስጥ ይህ አይታይም፤ ጊዜ አላገኘምና። እንግዲህ አንድ ጠጣር ነገር ሳይቀልጥ፣ ከውጭ ሲታይ ምንም ሳይሆን፣ ውስጡ ሌላ ሆነ። የሆነበትን መልክ ደግሞ የወሰነው የቀዘቀዘበት ፍጥነት ነው።

ይህን ነገር በዚህ አገር ከማንም በፊት በእጁ የሚያውቀው ባለ እጁ ነው። ስለ ብረት ሥራ ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ጋፋትን ነው፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩበትን። ሴባስቶፖል ግን ቀልጦ የተፈሰሰ ነሐስ ነው፤ የፈሳሽ ታሪክ ነው። የእኛ ጉዳይ ያለው ማጭድና መጥረቢያ ከሚሠራበት ተራ የብረት መቀጥቀጫ ቤት ነው።

ባለ እጁ የአሮጌ መኪና ባሌስትራ ቆርጦ ከሰሉ ውስጥ ይከታል። ወናፉ ይነፋል። ብረቱ ይጠቁራል፣ ይቀላል፣ እየቀላ ይደምቃል። ሰውየው ጥላ ውስጥ የሚሠራው ፀሐይ ሸሽቶ ብቻ አይደለም፤ የጋለውን ብረት ቀለም በትክክል ለመለየት ጥላ ያስፈልገዋል። ቀጥቅጦ ቅርጹን ካስያዘ በኋላ እንደገና ያግለዋል፤ ያ የሚፈልገው ቅላት ላይ ሲደርስ አፉን ውሃ ውስጥ ይነክረዋል። ትንሽ ቢፈጥን ማጭዱ ዶልዱሞ ይቀራል፤ አግሎ አግሎ ቢያሳልፈው ደግሞ ይሰባበራል።

እዚያ ውሃ ውስጥ ምን ሆነ? በቀዝቃዛ ብረት ውስጥ አቶሞቹ በሳጥን ቅርጽ ይሰለፋሉ፤ በሳጥኑ ስምንት ማዕዘን አንድ አንድ አቶም፣ በመካከሉም አንድ። ባሌስትራ ደግሞ ንጹሕ ብረት አይደለም፤ በውስጡ ጥቂት ካርቦን አለበት። ሙቀቱ 727 ዲግሪ ሴንቲግሬድን ሲያልፍ ሰልፉ መለወጥ ይጀምራል። የመካከሉ አቶም ቀርቶ በሳጥኑ በስድስቱም ገጽ ላይ አንድ አንድ ይቆማል። ይህኛው አሰላለፍ ካርቦንን በቀላሉ ያስገባል። ቀስ ብሎ ቢቀዘቅዝ ሰልፉ ወደ ጥንቱ ሲመለስ ካርቦኑ ተገፍቶ ይወጣል፤ ብረቱም ለስላሳ ይሆናል። ውሃ ውስጥ ሲነከር ግን ካርቦኑ የሚወጣበት ጊዜ የለውም። ሰልፉ ሲታጠፍ ካርቦኑ እዚያው ታፍኖ ይቀራል፤ ሳጥኖቹም ተወጥረው ይረዝማሉ። ያ ውጥረት ነው ስለት የሚያወጣው። ዓለም ይህን ውጥር አሰላለፍ በጀርመናዊው አዶልፍ ማርተንስ ስም ማርቴንሳይት ይለዋል።

ማርተንስ በማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሶ ብረት የመረመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ወጣ ብላ ባለችው ወለቃ የነበሩት የቤተ እስራኤል ብረት ሠሪዎች፣ እንደ ሌሎቹም የአገሩ ባለ እጆች፣ ሥራውን ከአባት ወደ ልጅ ሲያስተላልፉ ኖረዋል። ያረስንበትም ያጨድንበትም በእነርሱ እጅ ነው። ምስጋናው ግን «ቡዳ» የሚል ስም ነበር። ጠጣር ነገር በእሳትና በውሃ ጠባዩን ሲለውጥ አይተን፣ ለዋጩን ሰው ፈራነው። በዚህ ልናፍር ይገባል ባይ ነኝ። ከወለቃ አብዛኞቹ ዛሬ በእስራኤል ናቸው፤ ሙያው ምን ያህል አብሯቸው እንደሄደ እዚህ የቀረነው እናውቀዋለን።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ቲታኒየምን እንየው። ቲታኒየም እንደ ብረት ሁለት አሰላለፍ አለው። የሚገርመው ግን ነገሩ የተገለበጠ መሆኑ ነው፤ ብረት ሲቀዘቅዝ የሚይዘውን፣ በመካከሉ አቶም ያለበትን ሳጥን፣ ቲታኒየም የሚይዘው ሲሞቅ ነው። ይህኛው ቤታ ይባላል። ንጹሕ ቲታኒየም ከ882 ዲግሪ በታች ሲወርድ አቶሞቹ ባለ ስድስት ማዕዘን ሆነው እየተነባበሩ ይሰለፋሉ፤ ይህኛው አልፋ ነው። ቲታኒየም የሚቀልጠው 1668 ዲግሪ ላይ ስለሆነ፣ ይህ ሁሉ የሚሆነው ለመቅለጥ ገና ብዙ ሲቀረው ነው።

የቤታ ሰልፍ ወደ አልፋ ሲዞር የቤታን አንዳንድ ገጽና አቅጣጫ ጠብቆ ነው። ይህን ሕግ ኔዘርላንዳዊው በርገርስ እ.ኤ.አ. በ1934 የቲታኒየም ወንድም በሆነው ዚርኮኒየም ላይ አገኘው። በሕጉ መሠረት አንዲት የቤታ ቅንጣት በ12 የተለያየ አቅጣጫ አልፋ ልትሆን ትችላለች። በቀስታ ሲቀዘቅዝ ወፋፍራም የአልፋ ንጣፎች ጎን ለጎን እየተደረደሩ ያድጋሉ። ፈጠን ሲል ግን ንጣፎቹ ይሳሳሉ፤ በየአቅጣጫው ተነሥተው አንዱ በሌላው ውስጥ ይጠላለፋል፤ የጎንደር ሴቶች አክርማ በሰንደዶ ላይ እያጠላለፉ የሚሰፉትን የመሶብ ገጽ ይመስላል። ለሠራተኛው ልዩነቱ ትልቅ ነው። በሰልፍ የተደረደረው ወፍራም ንጣፍ የተጀመረ ስንጥቅ ወዲያ ወዲህ እንዲጠማዘዝ ስለሚያስገድደው ስንጥቁ ቶሎ አይስፋፋም። ስሱና የተጠላለፈው ደግሞ ከመጀመሪያውም ስንጥቅ እንዳይነሣ የበለጠ ይከላከላል። ሁለቱን በአንድ ላይ ሙሉ በሙሉ ማግኘት አይቻልም፤ መሐንዲሱ መምረጥ አለበት።

ቲታኒየም ለብቻው ለብዙ ሥራ ለስላሳ ስለሆነ ይቀየጣል። አሉሚኒየም ሲጨመርበት አልፋ ይጸናል፤ የለውጡም ሙቀት ከፍ ይላል። ቫናዲየም፣ ሞሊብዲነም፣ ኒዮቢየም ወይም ብረት ሲጨመር ደግሞ ቤታ ይጸናል፤ የለውጡም ሙቀት ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የተሠራውና እስከ ዛሬ ከሁሉም በላይ ተፈላጊ የሆነው ቅይጥ 6 በመቶ አሉሚኒየምና 4 በመቶ ቫናዲየም አለበት። ሲቀዘቅዝ ሁለቱንም አሰላለፍ ይይዛል፤ አብዛኛው አልፋ፣ በየጠርዙ ጥቂት ቤታ። ሙሉ በሙሉ ቤታ የሚሆነው 995 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው።

እንግዲህ ባለ እጃችን ይህን ቅይጥ ቢያገኝና እንደ ለመደው አግሎ ውሃ ቢነክረው ምን ያገኛል? ማርቴንሳይት ያገኛል። የቲታኒየም አቶሞችም በዚያች ቅጽበት አንድ ላይ፣ ማንም ጎረቤቱን ሳይለቅ፣ ከአንድ አቶም ርቀት ባነሰ እርምጃ ይዞራሉ። የሙያው ሰዎች እንዲህ ያለውን ለውጥ «ወታደራዊ» ይሉታል፤ አቶሞች በየግላቸው እየተንቀሳቀሱ የሚያደርጉትን ዘገምተኛውን ለውጥ ደግሞ «ሲቪል» ብለውታል። ስለቱን ሲሞክረው ግን ሰውየው ያዝናል። እንደ ማጭዱ አልጠነከረም፤ ከበፊቱ ትንሽ ብቻ ነው የተሻለው። በአረብ ብረት ውስጥ ጥንካሬውን ያመጣው ሰልፉ መዞሩ ብቻ አልነበረም፤ ታፍኖ የቀረው ካርቦን ነበር። በቲታኒየሙ ውስጥ የታፈኑት ግን አሉሚኒየምና ቫናዲየም ናቸው። እነርሱ በቲታኒየም አቶም ቦታ ተተክተው የሚቆሙ እንጂ በመካከል ገብተው የሚያስጨንቁ አይደሉም።

ስለዚህ በቲታኒየም ሥራ ውሃ ውስጥ መንከር የነገሩ ግማሽ ነው። ቀሪው ግማሽ ትዕግሥት ይጠይቃል። የቀዘቀዘው ቅይጥ እንደገና ወደ 500 ዲግሪ ገደማ ይሞቅና ለሰዓታት ይቆያል። በዚህ ጊዜ ማርቴንሳይቱ ይፈርስና በጣም የደቀቁ የአልፋና የቤታ ቅንጣቶች በየቦታው ይወጣሉ። ብረቱን በእውነት የሚያጠነክሩት እነርሱ ናቸው። እንዲሁ ቀስ ብሎ የቀዘቀዘው ቅይጥ ሳይበጠስ የሚችለው ጉልበት 900 ሜጋፓስካል ገደማ ከሆነ፣ በዚህ መንገድ ያለፈው 1100 ገደማ ይደርሳል። ሙቀትን ቶሎ የማያሳልፍ ብረት ስለሆነ ግን ወፍራም ከሆነ መካከሉ በፍጥነት አይቀዘቅዝምና ጥቅሙ ያንሳል።

ባለ እጁን ያመጣሁት ለማነጻጸር ነው፤ እንዲሞክረው አልመክርም። ቲታኒየም በከሰል እሳት የሚሠራ ብረት አይደለም። ሲግል ኦክስጅንና ናይትሮጅን ይጠጣል። ሁለቱም የአልፋ ወገን ናቸው፤ ገጹ ላይ አልፋን እያጸኑ እንደ ብርጭቆ የሚሰነጠቅ ቅርፊት ያበጁለታል። ለዚህ ነው ፋብሪካዎች አየሩ በተመጠጠበት ወይም አርጎን በተሞላበት ምድጃ የሚያሞቁት። በቀጭን ፍቅፋቂው ላይ እሳት ከተነሣ ደግሞ ውሃ ማፍሰስ ያባብሰዋል።

ይህ የናይትሮጅን ነገር ምን እንደሚያስከትል አንድ አደጋ ላንሣ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 19 ቀን 1989 ከዴንቨር ወደ ቺካጎ 296 ሰው ይዞ ይበር የነበረው የዩናይትድ አየር መንገድ ዲሲ 10 አውሮፕላን የጅራቱ ሞተር በአየር ላይ ተበተነ። የተበተነው ከቲታኒየም ቅይጥ የተሠራው የሞተሩ ትልቅ የፊት ዲስክ ነው። ስብርባሪው መሪውን የሚያንቀሳቅሱትን የዘይት መስመሮች ሦስቱንም በጣጠሳቸው። አብራሪዎቹ በቀሩት ሁለት ሞተሮች ጉልበት ብቻ እየመሩ ሱ ሲቲ በተባለች ከተማ ለማሳረፍ ሞከሩ። ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ 184 ተረፉ። መርማሪዎች የተሰበረውን ዲስክ አግኝተው ሲያዩት የስንጥቁ መነሻ አንዲት ትንሽ ጉድጓድ ሆና ተገኘች። ቲታኒየሙ ሲቀልጥ ናይትሮጅን የጠገበች ፍንካች ሳትሟሟ ቀርታ ነበር። ፍንካቿ በዙሪያዋ ካለው ብረት በተለየ ጠንካራና ተሰባሪ አልፋ ነበረች። ዲስኩ ከተሠራ ወደ 17 ዓመት ሲያገለግል፣ ስንጥቁ በእያንዳንዱ በረራ ጥቂት ጥቂት እያደገ ሄደ፤ ቀድሞ ሊታይ ይችል የነበረውም በምርመራ ሳይታይ አለፈ። ከዚያ ወዲህ ለሞተር ዲስክ የሚውል ቲታኒየም አቀላለጥና ምርመራ እጅግ ጠብቋል። ቲታኒየም ግን ከአውሮፕላን አልወጣም፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 በአፍሪካ ቀዳሚ ሆኖ የተረከበው ቦይንግ 787 ከክብደቱ 15 በመቶ ያህሉ ቲታኒየም ነው። ይህም ክንፉና ገላው የተሠራበት የካርቦን ክር አሉሚኒየምን ቶሎ ስለሚያበላሽ፣ ከቲታኒየም ጋር ግን ተስማምቶ ስለሚኖር ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ጎንደር የጤና ትምህርት ከተማ ናት፤ የሕዝብ ጤና ኮሌጁ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ስለዚህ ወደ አጥንት ልለፍ። የተሰበረ አጥንት ላይ የሚታሰር ብረት ወይ የማይዝግ አረብ ብረት ወይ የቲታኒየም ቅይጥ ነው። ስዊድናዊው ብሮኔማርክ አጥንት ከቲታኒየም ጋር ተያይዞ እንደሚያድግ ካስተዋለ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1965 የመጀመሪያውን የቲታኒየም የጥርስ ሥር በሰው መንጋጋ ውስጥ ተከለ። አንድ ችግር ግን አለ። ብረቱ ከአጥንቱ በጣም ከገተረ ሸክሙን ሁሉ ራሱ ይሸከማል፤ ሥራ የፈታው አጥንትም እየሳሳ ይሄዳል። አረብ ብረት ከአጥንት በአሥር እጥፍ ገደማ ይገትራል፤ የተለመደው የቲታኒየም ቅይጥ የአረብ ብረቱን ግማሽ ያህል ነው። ኒዮቢየምና ታንታለም በብዛት የተጨመረባቸው አዳዲስ ቅይጦች ደግሞ ቤታቸውን በክፍል ሙቀትም ሳይለቁ ይቆያሉ፤ ግትርነታቸውም የተለመደውን ቅይጥ ግማሽ ገደማ ይሆናል። እዚህ ላይ የሚፈለገው ለውጡ እንዳይካሄድ መያዝ ነው።

ከሁሉም የሚያስደንቀው ግን ቲታኒየምና ኒኬል እኩል በእኩል የሚቀየጡበት ኒቲኖል ነው። የእርሱ ወታደራዊ ለውጥ የሚሆነው በክፍል ሙቀት አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 በአሜሪካ ባሕር ኃይል ቤተ ሙከራ አንድ ስብሰባ ላይ ብዙ ጊዜ የተጣጠፈ የኒቲኖል ቅጠል ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር፣ አንዱ በፒፓ መለኮሻው አሞቀው። ተጣጥፎ የነበረው ቅጠል እንደገና ተዘረጋ። ሰልፉ ሲመለስ ቅርጹም አብሮ ተመለሰ። ዛሬ የደም ቧንቧ ለመክፈት የሚገባው መረብና ጥርስ የሚያስተካክለው ሽቦ ከዚህ ይሠራል።

ለትምህርት ቤት ሳይንስ ክበቦችና ለመምህራን አንድ ሙከራ ልስጥና ልሰናበት። ቲታኒየም አያስፈልግም፤ ሁለት የስፌት መርፌ፣ ሻማ ሳይሆን ጠንካራ እሳት፣ ጉጠት ወይም ፒንሳ፣ አንድ ጣሳ ውሃና የዓይን መከላከያ መነጽር ይበቃል። አዋቂ ሰው አብሮ ይሁን። ሁለቱንም መርፌ በጨለም ያለ ቦታ ደማቅ ቀይ እስኪሆኑ አግሉ። አንዱን ከእሳቱ ቀስ እያላችሁ በማራቅ በራሱ ጊዜ ይቀዝቅዝ። ሌላውን ቀይ እንደሆነ በቅጽበት ውሃ ውስጥ ክተቱት። ከቀዘቀዙ በኋላ በፒንሳ ይዛችሁ ጨርቅ ሸፍናችሁ እጠፏቸው። የመጀመሪያው እንደ ሽቦ ይታጠፋል፤ ሁለተኛው ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ሦስተኛ መርፌ ካላችሁ በውሃ ካጠነከራችሁት በኋላ ገጹን አጽዱና ሰማያዊ ቀለም እስኪያወጣ ብቻ በቀስታ አሙቁት፤ ይኼኛው ታጥፎ ሲለቁት ወደ ቦታው ይመለሳል። ሦስቱም ከአንድ ፓኬት የወጡ መርፌዎች ናቸው። በሠፈራችሁ ባለ እጅ ካለ መርፌዎቹን ይዛችሁ ሂዱና የትኛው በምን መንገድ እንዳለፈ ጠይቁት፤ አይቶ ይነግራችኋል። 

(የመዝጊያ ሙዚቃ)